የጭሱን ቦታ ማወቅ፦ የሄይብሩክ የእሳት መጠበቂያ ማማ እንደ መለኪያ መሣሪያ

በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከሲያትል ከተማ ተነስቶ በአውራ ጎዳና ቁጥር 2 ወደ ካስኬድ ተራሮች የሚያቀና መንገደኛ፣ ወደ ኢንዴክስ መንደር የሚወስደውን መታጠፊያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንዳለፈ በስተግራው ከአስፋልቱ ዳር የሚጀምር የእግር መንገድ ያገኛል። መንገዱ ሄይብሩክ በተባለው ሸንተረር ላይ ወደ ቆመው አሮጌ የእሳት መጠበቂያ ማማ ያወጣል። ርዝመቱ በአንድ አቅጣጫ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያስወጣው ከፍታ ግን ከ250 ሜትር ይበልጣል። ተጓዡ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 12 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ርቀቱን ሰምቶ የናቀ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ጠመዝማዛዎች ላይ ትንፋሹ ይቆራረጣል።

ስለ እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የሽርሽር መረጃ ነው፦ ጉዞው ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ መኪና የት ይቆማል፣ ከላይ ምን ይታያል። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ዳገቱን፣ ማማውን፣ በማማው አናት ላይ ያለችውን ክፍልና እንደነዚህ ባሉ ክፍሎች መካከል ይቀመጥ የነበረውን የካርታ ጠረጴዛ የአንድ መለኪያ መሣሪያ አካላት አድርጎ ይመለከታል። መሣሪያው የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ የታየው ጭስ በትክክል የት ነው? (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማማ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ማሽላ በሚዘራበት አገር እህሉ ማፍራት ሲጀምር ልጆች በእንጨት ርብራብ ላይ ወጥተው ወፉንና ዝንጀሮውን በወንጭፍ ሲከላከሉ ይውላሉ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የማሽላ ጠባቂ ያየውን ራሱ ይወነጭፈዋል፤ ዓይኑና ክንዱ ከአንድ ቦታ ይሠራሉ። የደን እሳት ጠባቂ ግን፣ እሳቱ ትንሽና ቅርብ ካልሆነ በቀር፣ ያየውን ማጥፋት አይችልም። እሳቱ ያለው 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ምናልባትም ከሁለት ሸንተረር ባሻገር ነው። ስለዚህ የሥራው ዋጋ በማየቱ ላይ ሳይሆን፣ ያየውን ነገር ላላየ ሰው በማይሳሳት ቋንቋ ማስተላለፍ በመቻሉ ላይ የተመሠረተ ነው።

ዳገቱና ማማው

መንገዱ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ተጨፍጭፎ እንደገና ባገገመ የዳግላስ ፈርና የሄምሎክ ደን ውስጥ ነው። አገሩ ዝናባማ በመሆኑ ግንዱም ድንጋዩም አረንጓዴ ለብሷል፤ ከሥር ፈርን ሞልቷል። ተጓዡ ወደ ጫፉ እስኪቃረብ ድረስ ከዛፍ በቀር የሚያየው እምብዛም ነገር የለም። ይህ ለሽርሽረኛው ቅሬታ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ሸንተረሩ ላይ መውጣት ብቻውን ለምን እንዳልበቃና የ20 ሜትር ማማ ለምን እንዳስፈለገ ይነግረናል። በሸንተረሩ ላይ ያለው ደን ራሱ እይታን ይጋርዳል፤ ስለዚህ ዓይን ከዛፎቹ ጫፍ በላይ መነሳት ነበረበት። የመጀመሪያው ማማ በ1920ዎቹ ተሠራ፤ ዛሬ የቆመው ደግሞ በ1964 የተተካው ነው። ዳግላስ ፈር ዕድሜ ሲያገኝ ከ60 ሜትር በላይ ስለሚያድግ፣ በዙሪያው ያሉ ዛፎች ካልተመነጠሩ 20 ሜትር ማማ ከጊዜ በኋላ ጫካ ውስጥ መዋጡ አይቀርም።

ዳገቱ ቀጥ ያለው ለምንድን ነው? የእሳት ጠባቂ መንገዶች ለጎብኚ ጉልበት ታስበው የተቀየሱ አልነበሩም። ጠባቂውን፣ ስንቁን፣ የመገናኛ መሣሪያውንና የግንባታ እንጨቱን በሰው ትከሻ ወይም በበቅሎ ጀርባ እስከ ጫፉ ማድረስ ብቻ ይጠበቅባቸው ነበር። መንገድ ባጠረ ቁጥር ለመቆፈርም ለመጠገንም ይቀላል።

ይበልጥ የሚገርመው የሸንተረሩ ዝቅተኛነት ነው። ሄይብሩክ ከባሕር ወለል በላይ 520 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሸለቆው ማዶ ያለው የኢንዴክስ ተራራ 1,826 ሜትር፣ በስተምሥራቅ ያለው የቤሪንግ ተራራ ደግሞ 1,867 ሜትር ከፍታ አላቸው። ታዲያ ጠባቂው ለምን ከዚያ ላይ አልወጣም? ከፍታ ሁልጊዜ እይታ ማለት ስላልሆነ ነው። በምዕራብ ካስኬድ ከፍተኛ ጫፎች ብዙ ጊዜ በደመና ይሸፈናሉ፤ በረዶውም እስከ በጋው አጋማሽ ሊቆይ ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሆዱ ወደ ውጭ ያበጠ ተዳፋት ከጫፉ ላይ ለቆመ ሰው የሸለቆውን ወለል ይደብቅበታል። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ሰው ያስነሳው እሳት የሚጠበቀው ከወለሉ ነበር፤ ከ1893 ጀምሮ የታላቁ ሰሜናዊ የባቡር መስመር በስካይኮሚሽ ወንዝ ዳር ያልፋል፤ ከእንፋሎት ባቡር የሚወጣ ፍንጣሪና የእንጨት ቆረጣ ሥራ በዚያን ዘመን የታወቁ የእሳት መነሻዎች ነበሩ። ዝቅተኛው ማማ ከፍተኛው ጫፍ የማያየውን ያያል። በዛሬው የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት ቋንቋ ይህ የእይታ ክልል ትንተና ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን የሚሠራው አንድ ሰው በየጫፉ ወጥቶ የሚያየውንና የማያየውን በካርታ ላይ በእጁ እየቀባ ነበር።

በክፍሏ መካከል ያለው ጠረጴዛ

በብዙ ማማዎች አናት ላይ የነበረችው ክፍል በእያንዳንዱ ጎን 4 ሜትር ከጥቂት የሆነች፣ አራቱም ግድግዳዎቿ መስኮት የሆኑ ጎጆ ናት። አልጋው፣ ምድጃውና መደርደሪያው ሁሉ ከመስኮቱ ግርጌ በታች እንዲሆኑ ይደረጋል። ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ እንዲቆም የሚፈቀድለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በመካከል የሚቀመጠው የኦስቦርን እሳት መፈለጊያ ነው። መሣሪያውን የፈለሰፈው የአሜሪካ የደን አገልግሎት ባልደረባ የነበረው ዊልያም ኦስቦርን ሲሆን፣ ከ1910ዎቹ ጀምሮ በየጊዜው እየተሻሻለ በመላ አገሪቱ ተሠራጭቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክብ ገበታ ላይ የአካባቢው ካርታ ይለጠፋል፤ የካርታው መሐል ማማው የቆመበት ነጥብ ነው። በገበታው ዙሪያ በ360 ዲግሪ የተከፋፈለ ቀለበት አለ። በላዩ የሚሽከረከረው ሌላው ቀለበት በአንድ ወገን ጠባብ ቀዳዳ ያለው ማነጣጠሪያ፣ በትይዩው ደግሞ ቀጥ ብሎ የተወጠረ ቀጭን ክር ይዟል። ጠባቂው በቀዳዳው አሾልኮ እያየ ክሩን ከጭሱ ሥር ጋር ያገጣጥማል። ከጭሱ ጫፍ ጋር አለማገጣጠሙ ወሳኝ ነው፤ ጫፉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ሥሩ ግን እሳቱ ካለበት አይነቃነቅም። ከዚያ ከሰሜን ጀምሮ ያለውን የማዕዘን ንባብ፣ ማለትም አዚሙቱን፣ ከቀለበቱ ላይ ያነብባል። መሣሪያው በትክክል ወደ ሰሜን መዞሩን ለማረጋገጥ ደግሞ ቦታው አስቀድሞ የሚታወቅ የተራራ ጫፍ ላይ አነጣጥሮ ንባቡን ያመሳክራል።

ነገር ግን አንድ አዚሙት መስመር እንጂ ነጥብ አይሰጥም። እሳቱ በዚያ መስመር ላይ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ይሁን 25 ኪሎ ሜትር ላይ ንባቡ አይለይም። ጠባቂው ምድሩን በደንብ የሚያውቅ ከሆነ፣ ጭሱ ከየትኛው ሸንተረር ፊት፣ ከየትኛው በስተኋላ እንደሚነሳ አይቶ ይገምታል። እርግጠኛ የሚያደርገው ግን ሁለተኛ ማማ ነው። ያም ጠባቂ የራሱን አዚሙት በስልክ ወይም በሬዲዮ ያሳውቃል፤ ሁለቱን ንባቦች የተቀበለው ሠራተኛ በትልቁ ካርታ ላይ መስመሮቹን ይወጥራል፤ የሚቋረጡበት ቦታ የእሳቱ ቦታ ነው።

የዚህ ዘዴ ድክመት በቀላል ስሌት ይታያል። ጭሱ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ የአንድ ዲግሪ ስህተት ቢፈጠር መስመሩ በዚያ ርቀት ላይ 350 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይስታል። ሁለቱ መስመሮች በ90 ዲግሪ የሚቋረጡ ከሆነ የነጥቡም ስህተት ይኸው 350 ሜትር ነው። በ15 ዲግሪ ብቻ የሚቋረጡ ከሆነ ግን ያው የአንድ ዲግሪ ስህተት ነጥቡን በሌላው መስመር ላይ ወደ 1.3 ኪሎ ሜትር ያንሸራትተዋል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ፣ ገደልና ጅረት በበዛበት ቦታ፣ 1.3 ኪሎ ሜትር ማለት የእሳት አጥፊ ቡድን የተሳሳተ ሸለቆ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ማማዎች የሚመረጡት እያንዳንዳቸው በሚያዩት ስፋት ብቻ አልነበረም፤ እርስ በርስ በሚፈጥሩት ማዕዘንም ጭምር እንጂ። ሄይብሩክንም ብቻውን የሚመለከት ጎብኚ የሚያየው የአንድ መረብ አንዱን ቋጠሮ ብቻ ነው።

ጭስ ያልሆነው ጭስ

መሣሪያው ቀላል ቢሆንም ዓይን ግን መሠልጠን ነበረበት። ከመብረቅ ዝናብ በኋላ ከእርጥብ ደን ውስጥ የምትነሳ ቁራጭ ጉም ከጭስ ጋር እጅግ ትመሳሰላለች። የመንገድ አቧራም እንዲሁ። ልምድ ያለው ጠባቂ የሚለያቸው በጊዜ ነው፤ ጉሟ ትበተናለች ወይም ቦታ ትቀይራለች፤ ጭስ ግን ከአንድ ነጥብ መነሳቱን ይቀጥላል። የመብረቅ እሳት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በደረቀ ግንድ ውስጥ ለቀናት ተዳፍኖ ከቆየ በኋላ፣ ሁሉም ሰው በረሳው ሞቃት ቀን ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ጠባቂው መብረቅ የወደቀባቸውን ቦታዎች አዚሙት እየመዘገበ ለተከታታይ ቀናት ወደዚያው ይመለከት ነበር። መብረቁ በራሱ ማማ ላይ በሚያንዣብብበት ጊዜ ደግሞ እግሮቹ በመስታወት መከላከያ በተጫሙ በርጩማ ላይ ቆሞ መሥራት የተለመደ ነበር።

በ1913 ሃሊ ዳጌት በሰሜን ካሊፎርኒያ ክላማት ደን ውስጥ ይህን ሥራ ስትቀበል በደን አገልግሎቱ የመጀመሪያዋ ሴት የእሳት ጠባቂ ሆናለች። በኋለኛው ዘመን ግን ሥራው በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በጸሐፊዎች በኩል ነው፤ ጃክ ኬሩዋክ በ1956 በዚያው በካስኬድ ተራሮች ዴሶሌሽን በተባለ ጫፍ ላይ 63 ቀን ጠብቋል። ሥነ ጽሑፉ ብቸኝነቱን አጉልቶ አዚሙቱን ያሳነሰ ይመስለኛል።

ካዩ በኋላ ምን ይደረግ?

የማማዎቹ መረብ የተስፋፋው ከአንድ ታላቅ አደጋ በኋላ ነው። በነሐሴ አጋማሽ 1910 ላይ፣ የደን አገልግሎቱ ከተቋቋመ በአምስተኛው ዓመት፣ በአይዳሆ፣ በሞንታናና በምሥራቅ ዋሽንግተን 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ደን በአብዛኛው በሁለት ቀናት ውስጥ ተቃጠለ። ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም እሳት አጥፊዎች ነበሩ። ከዚያ የወጣው ትምህርት እሳትን ገና ትንሽ ሳለ አግኝቶ ማጥፋት የሚል ነበር። በ1930ዎቹ የሲቪል ጥበቃ ጓድ ወጣቶች ማማዎችን፣ መንገዶችንና የስልክ መስመሮችን በስፋት ሠሩ። በ1935 ደግሞ አገልግሎቱ ማንኛውም እሳት በታየ በማግስቱ እስከ ጠዋት፣ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር እስከ 4 ሰዓት፣ በቁጥጥር ሥር እንዲውል የሚያዝዝ መመሪያ አወጣ። መመሪያው እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ጸንቷል።

ዛሬ ይህ መመሪያ በሰፊው ይተቻል። በደረቅ የፖንዴሮሳ ጥድ ደኖች ውስጥ ቀድሞ በየጥቂት ዓመቱ የሚያልፈው ዝቅተኛ እሳት ቁጥቋጦውንና ደረቅ ቅጠሉን እየጠረገ ትልልቆቹን ዛፎች ይተዋቸው ነበር። ይህ እሳት ለአሥርት ዓመታት ሲታፈን ማገዶው ተከማቸ፤ በኋላ የተነሳው እሳት ጫፍ ደርሶ ትልልቆቹንም በላ። ትችቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በጅምላ ሲነገር ይሳሳታል። የሄይብሩክ ደን ከዚያ ወገን አይደለም። በእርጥቡ ምዕራብ ካስኬድ ትልቅ እሳት የሚመጣው በመቶዎች ዓመታት ልዩነት ነው፤ በሚመጣበት ጊዜ ደግሞ ከመከማቸት ይልቅ የሚገዛው ድርቅና ከምሥራቅ የሚነፍስ ደረቅ ነፋስ ነው። ለዚህ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2022 ከሄይብሩክ በስተምሥራቅ፣ በዚያው ሸለቆ፣ የቦልት ክሪክ እሳት ተነሳ። በደረቅ የምሥራቅ ነፋስ ተገፍቶ በፍጥነት ተስፋፋ፤ አውራ ጎዳናው ተዘጋ፤ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። በመጨረሻ 6,000 ሄክታር ያህል አቃጠለ። በዚያ ዕለት በማማው ላይ ጠባቂ ቢኖር ኖሮ ውጤቱ ብዙ ይለወጥ ነበር ብዬ አላምንም። ጭሱን ማየት አልከበደም፤ የከበደው ነፋሱ ነው።

ማማዎቹን ያስተዋቸው አውሮፕላን፣ ቀጥሎም ሳተላይት ነው። የሄይብሩክ ማማ ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ በኋላ በፈቃደኞች ጉልበት ታድሶ፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ ክፍሏ ለአዳር ትከራያለች። ከሥሯ ያለው ሰገነት ለማንኛውም ዳገቱን ለወጣ ሰው ክፍት ነው።

ከሳተላይቱ በታች ያለው ክፍተት

ይህን ጉዳይ በአማርኛ መጻፍ ያስፈለገኝ የእኛም ተራሮች ስለሚቃጠሉ ነው። በ2000 የመጀመሪያዎቹ ወራት በባሌና በቦረና ደኖች የተነሳው እሳት ለሳምንታት ዘልቆ የውጭ ባለሙያዎች ለእርዳታ መጥተዋል። በ2019 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አጥፊዎች ቡድን መምጣቱ ይታወሳል።

ዛሬ የቪርስ መሣሪያን የያዙ ሳተላይቶች ሙቀትን በ375 ሜትር ክፍልፋይ ይለያሉ፤ መረጃውም በነፃ ይገኛል። ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፉት በቀን ለጥቂት ጊዜያት ብቻ ነው፤ ደመናም ይጋርዳቸዋል። ሜቴዎሳት በየ15 ደቂቃው ቢያይም የአንዱ ክፍልፋዩ ስፋት በኪሎ ሜትሮች የሚለካ ስለሆነ ትንሽ እሳት ይሰወርበታል። በእነዚህ መካከል ባለው ክፍተት ጭሱን ቀድሞ የሚያየው እረኛው ወይም የፓርኩ ጠባቂ ነው። እርሱም እንደ ማማው ሰው ከሸንተረር ላይ ነው ያለው፤ የማማው ሰው የነበረው ጠረጴዛ ግን የለውም። «ከዚያ ማዶ ይጨሳል» የሚል መልእክት መስመር እንኳ አይደለም። በስልክ ኮምፓስ የተነበበ አዚሙት ጥቂት ዲግሪ ሊስት ቢችልም፣ በተራራቁ ሁለት ሸንተረሮች ላይ ካሉ ሁለት ሰዎች ሲመጣና ማዕዘኑ ሰፊ ሲሆን ፍለጋውን ወደ አንድ ሸለቆ ያጠብበዋል። ለዚህ ግንብ መገንባት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የተመረጡ የማያ ነጥቦች፣ ንባቡን ተቀብሎ በካርታ ላይ የሚወጥር ሰውና ያ ሰው ዘወትር የሚገኝበት የስልክ ቁጥር ነው።

ከካስኬድ የተገኘው ማስጠንቀቂያ ግን እዚህም ይሠራል፤ የታየ ጭስ ሁሉ መጥፋት አለበት ማለት አይደለም። በባሌ ተራሮች አርብቶ አደሮች አስታውን ለግጦሽ ሲሉ ሆነ ብለው ሲያቃጥሉ ኖረዋል። አስታ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በቅርብ ዓመታት የተቃጠለ ቦታም እሳት ስለማያስተላልፍ በየቦታው ተፈጥሯዊ መቁረጫ ይሆናል። እሳቱ ከአስታው ወርዶ ወደ እርጥቡ ደን ሲገባ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ስለዚህ ንባቡን የሚቀበለው ሰው ካርታ ነጥቡ የወደቀበት ቦታ አስታ ይሁን ደን፣ ቦታው መቼ እንደተቃጠለም ማሳየት ይኖርበታል። የቆዩ የቃጠሎ ጠባሳዎችን ከሳተላይት ምስል ማውጣት ይቻላል፤ ከየትኛው ሸንተረር ምን እንደሚታይ ለማስላት የሚያገለግለው የ30 ሜትር የከፍታ መረጃም ለሁለቱም የተራራ ሰንሰለቶች በነፃ ይገኛል።